ልጅን ለማቆያ ከመስጠት በፊትና በኋላ፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚኖሩ ወላጆች

ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ ወይም ኮዬ ፈጬ ለሚኖር ወላጅ የሕፃናት ማቆያ ምርጫ የሚጀምረው ከሰዓት ነው። የግድግዳው ሥዕልና የእንግሊዝኛው መዝሙር ኋላ ይደረስባቸዋል። ሥራ 2:30 የሚገባ ሰው ሜክሲኮ ለመድረስ ከቤት 12:30 መውጣት ካለበት፣ በሩን 1:30 የሚከፍት ማቆያ ምንም ቢያምር አይሆነውም። ማታም ያው ነው፤ 11:30 ከቢሮ የወጣ ሰው ዝናብ በጣለበት ቀን ሰፈሩ ሲደርስ 1:30 ሊሆን ይችላል። 12 ሰዓት የሚዘጋ ቤት ማለት በየማታው ጭቅጭቅ ማለት ነው።

ስለዚህ አንድም ማቆያ ከማየታችሁ በፊት የራሳችሁን ክፉ ቀን ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ሐምሌ ላይ ታክሲ የጠፋበትን፣ መንገዱ የተዘጋበትን ቀን። ከቤት የምትወጡበትን፣ ተራ የምትጠብቁበትን፣ ከቢሮ የምትወጡበትን፣ ማቆያው በር ላይ የምትደርሱበትን ሰዓት በየተራ አስፍሩና ግማሽ ሰዓት ጨምሩበት። ከዚህ ጋር የማይገጥመውን ቤት ሳታዩት ሰርዙት። ቅዳሜ የምትሠሩ ከሆነ የቅዳሜውንም ለብቻ ጠይቁ፤ ብዙ ቤት ቅዳሜ እስከ 6:30 ብቻ ነው።

ከሰዓቱ ጋር አብሮ የሚሄድና ብዙ ወላጅ የሚዘነጋው ጥያቄ አለ። ጠዋት የመጀመሪያው ልጅ ሲገባና ማታ የመጨረሻው ሲወጣ ስንት ሞግዚት አለ? ቀን አምስት ሞግዚት ያለው ቤት ጠዋት 12:30 ላይ አንድ ብቻ ሊኖረው ይችላል። እሷው በር ትከፍታለች፣ ቁርስ ታሞቃለች፣ የአራት ወር ጨቅላና የሦስት ዓመት ልጅ አንድ ክፍል አስቀምጣ ትጠብቃለች። ለአደጋ የሚያመቹት እነዚህ ሁለት ጫፎች ናቸው፤ የዳርቻ ሰፈር ልጅ ደግሞ ቀድሞ የሚገባና ኋላ የሚወጣ ልጅ ነው።

ከቤት አጠገብ ወይስ ከሥራ አጠገብ?

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃድ 90 የሥራ ቀን ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ለምትሠራ እናት ይህ ከሦስት ወር ተኩል ብዙም አይዘልም። ብዙ ሕፃን ማቆያ የሚገባው እንግዲህ ጡት ብቻ በሚጠባበት ዕድሜ ነው። መሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ማቆያ ያለው ሰው ምሳ ሰዓት ወርዶ ማጥባት ይችላል፤ ያ ትልቅ ነገር ነው። ዋጋውም አለ፤ ሕፃኑ በቀን ሁለት ጊዜ በተጨናነቀ መኪና ይመላለሳል፣ የሰው ሳል ይቀበላል፣ እናትየዋ ከታመመች ወይም ዕረፍት ከወጣች ቦታው ሩቅ ነው።

የሠራተኛ ሰርቪስ ወይም የራስ መኪና ላለው ሰው እስከ ስድስት ወር፣ ቢቻል እስከ ዓመት፣ ከሥራ አጠገብ ያለው ይሻላል። በተራ ታክሲ ለሚሄድ ከቤት አጠገብ ያለው። ከቤት አጠገብ ሲሆን ግን አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ፦ ልጁ ድንገት ቢያተኩሰው በ15 ደቂቃ ማቆያው የሚደርስ አክስት፣ አያት ወይም ጎረቤት ማን ነው? እናንተ መገናኛ ሆናችሁ ቶሎ አትደርሱም። እንዲህ ያለ ሰው ከሌለ ማቆያው ራሱ ልጁን ጤና ጣቢያ የሚያደርስበትን መንገድ፣ ማን እንደሚወስደውና ሌሎቹን ልጆች ማን እንደሚይዝ ጨምሮ፣ በዝርዝር ሊነግራችሁ ይገባል።

ፈቃድ

አዲስ አበባ ውስጥ የሕፃናት ማቆያን ጉዳይ የሚከታተለው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ዘርፍ ነው፤ በክፍለ ከተማና በወረዳ ደረጃ ጽሕፈት ቤት አለው። የሚታየው የብቃት ማረጋገጫና የታደሰ ንግድ ፈቃድ ነው። የታደሰበትን ዓመትና አድራሻውን አንብቡ፤ የዳርቻ ማቆያ አብዛኛውን ጊዜ የኪራይ ቤት ስለሆነ ወረቀቱ ላይ ያለው አድራሻ የቀድሞው ቤት ሊሆን ይችላል። መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ የተከፈተ ማቆያ ከሆነ ፈቃዱ ለጨቅላዎቹ ክፍልም እንደሚሠራ ለይታችሁ ጠይቁ፤ የትምህርት ቤት ፈቃድና የማቆያ ፈቃድ አንድ አይደሉም።

ድንበር ላይ ያለ ሰፈር ሌላ ጣጣ አለው። ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ በኦሮሚያ፣ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። ቤታችሁ አዲስ አበባ ሆኖ ማቆያው ከመንገዱ ማዶ ቢሆን የክፍለ ከተማችሁ ጽሕፈት ቤት ቅሬታችሁን ተቀብሎ ምንም ሊያደርግ አይችልም። ቤቱ የትኛው ወረዳ እንደሚያስተዳድረው ከመመዝገባችሁ በፊት እወቁ።

ፈቃድ ያለው ሁሉ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ፈቃድ ክፍሉን ያያል፤ የምሳ ሰዓቷን ሞግዚት እጅ አያይም።

ውሃው

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የማቆያው ንጽሕና የሚወሰነው በሮቶው ነው። ስንት ሊትር እንደሚይዝ ጠይቃችሁ አካፍሉት። ለእጅ መታጠቢያ፣ ለማጠቢያ፣ ለምግብና ለሽንት ቤት ለአንድ ልጅ በቀን 20 ሊትር ብንይዝ፣ 25 ልጅ ያለው ቤት በቀን 500 ሊትር ይፈጃል፤ 2,000 ሊትር ሮቶ አራት ቀን ያዘልቃል። ሰፈሩ ውሃ የሚያገኘው በሳምንት አንዴ ከሆነ የቀሩትን ቀናት ከየት ያመጣሉ? በቦቴ ከሆነ በምን ያክሙታል? ውሃ አጋር ካሉ ጠርሙሱን አሳዩን በሉ። ሮቶው መቼ እንደታጠበም ጠይቁ፤ መልሱ «ሁሌም ይታጠባል» ከሆነ አልታጠበም ማለት ነው።

የሚጠጣና ለጡጦ የሚሆን ውሃ ይፈላ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ እሳቱ ላይ ይቆይ። ሞግዚቷ «ሲፈላ አወርደዋለሁ» ካለች ይህን በደግ ቃል ንገሯት።

ውሃ የሚጠራቀምበት ቤት የባልዲና የበርሜል ቤት ነው። ለሚድህ ሕፃን አንድ ጣት ጥልቀት ያለው ውሃ እንኳ አደጋ ነው፤ ወደ ባልዲ አጎንብሶ በግንባሩ ከገባ ራሱን አያወጣም። ክዳን የሌለው ባልዲ ልጆች በሚደርሱበት ካያችሁ የቀረውን ጉብኝት አትጨርሱ።

ሦስት ጊዜ ሂዱ

በቀጠሮ የሚደረግ ጉብኝት ወለሉ የተወለወለበት፣ ልጆቹ የተደረደሩበት ሰዓት ነው። እሱንም ሂዱ፤ ዋጋና ደንብ የምትጠይቁበት ነው። ከዚያ ሳትናገሩ አንዴ 5:30 ላይ፣ አንዴ 11 ሰዓት ላይ ተመለሱ። ወላጅ ቀን ላይ አይገባም የሚል ቤት፣ ምክንያቱ «ልጆች ይረበሻሉ» ቢሆንም፣ ከዝርዝራችሁ ይውጣ። ልጆቹን ሳይረብሹ ማየት የሚቻልበት መንገድ አለ፤ ከበሩ ውጭ ቆሞ በመስኮት ማየት ይቻላል።

5:30 ላይ ምሳ ነው። አንድ ማንኪያ በስንት አፍ እንደሚዞር ቁጠሩ። ልጅን አጋድሞ፣ አፉን ይዞ መጋት ዛሬም አለ፤ ምግብና ፈሳሽ ወደ ሳንባ የሚገባው በዚህ መንገድ ስለሆነ ይህን ያያችሁበት ቤት ልጅ አይሰጥም። ከምሳ በኋላ ዳይፐር ሲቀየር ቁሙና ሞግዚቷ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ስትሄድ እጇን በሳሙና ታጥባ እንደሆነ እዩ። ከዚህ የበለጠ የሚናገር ነገር ግቢው ውስጥ የለም። ተቅማጥ ከልጅ ወደ ልጅ የሚሄደው በዚህች እጅ ነው።

ከዚያ የመኝታ ክፍሉ አለ። ዓመት ያልሞላው ሕፃን በጀርባው፣ ያለ ትራስ፣ ፊቱን በማይሸፍን ልብስ መተኛት አለበት። ሐምሌና ነሐሴ ክፍል ለማሞቅ የከሰል ምድጃ የሚያስገቡ አሉ፤ በሩ ተዘግቶ የከሰል ጭስ ሽታ እንኳ ሳይኖረው ይገድላል። ለሙቀት ከተጠየቀ መልሱ ካልሲ፣ ሹራብና ብርድ ልብስ ነው።

11 ሰዓት ላይ ሁሉም ደክሟል። ሞግዚቶቹ ቡና የሚያፈሉ ከሆነ የት? ረከቦቱና ጀበናው ልጆቹ ካሉበት ክፍል ከሆነ የቃጠሎ ነገር የጊዜ ጉዳይ ነው። ቴሌቪዥኑ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደተከፈተ ትልልቆቹን ልጆች ጠይቁ፤ ይነግሯችኋል። ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ጭራሽ አያስፈልግም።

እግረ መንገዳችሁን በረኪናውን ፈልጉ። በሃይላንድ ጠርሙስ ተገልብጦ ማጠቢያው ሥር የተቀመጠ በረኪና ለልጅ ውሃ ነው። ጋዝ ሲሊንደሩ ከቤት ውጭ ይሁን። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ምድር ቤት ይሻላል፤ ፎቅ ላይ ከሆነ የደረጃው በር ይቆለፍ፣ የበረንዳው ብረት ክፍተት የልጅ ጭንቅላት አያሳልፍ። ቪላ ከሆነ የፍሳሽ ጉድጓዱ ክዳን፣ የውሻው ሰንሰለትና የውጭው በር መወርወሪያ ይታዩ። ካሜራ አለን የሚሉ ቤቶች በዝተዋል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ካሜራ ከመብራቱ ጋር ይጠፋል፤ እንደ ጌጥ ቁጠሩት።

እጆቹ

ዓመት ላልሞላቸው ለአንዲት ሞግዚት ሦስት፣ ቢበዛ አራት ሕፃን፤ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት አምስት፤ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ሰባት ወይም ስምንት። ከዚህ ሲያልፍ ሞግዚቷ ምንም ደግ ብትሆን አንዱ ልጅ እርጥብ ሆኖ ይቀመጣል። እሳት ቢነሳ አንዲት ሴት ስንት ጨቅላ ተሸክማ ትወጣለች ብላችሁ ማሰብ ቁጥሩን ያስታውሳችኋል። «ስንት ሞግዚት አላችሁ?» ስትሉ ምግብ አብሳይዋንና ጽዳቷን ቆጥረው እንዳይነግሯችሁ «ልጅ ብቻ የምትይዝ» በሉ።

ትምህርትና ሥልጠና ይጠየቅ፣ የጤና ምርመራ ወረቀት ይታይ፣ ዋስ እንዳላቸው ይረጋገጥ። ከሁሉ በላይ ግን እያንዳንዷ ስንት ጊዜ እንደቆየች ጠይቁ። ደመወዙ ትንሽ፣ ሥራው ከባድ ስለሆነ ሞግዚት ቶሎ ትለቃለች፤ ወደ ዓረብ አገር ትሄዳለች ወይም የተሻለ ታገኛለች። በዓመት ሦስት ጊዜ እጅ የተቀያየረበት ሕፃን በየጊዜው እንደ አዲስ ይጀምራል። ከማቆያው ባለቤት ይልቅ ሞግዚቷን ራሷን ጠይቁ፤ «እዚህ ስንት ጊዜሽ ነው? ምሳሽን ስንት ሰዓት ትበያለሽ? ስትበዪ ልጆቹን ማን ይይዛል?» የምሳዋ ሰዓት የማይታወቅ ሞግዚት የደከመች ሞግዚት ናት።

ሌላ ወላጅ ምን ተብሎ ይጠየቃል?

«ማቆያው እንዴት ነው?» ብትሉ የምታገኙት መልስ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው» ነው። ልጁ እዚያ ያለ ወላጅ ክፉ አይናገርም። ነገሩ የማቆያው ባለቤት ጆሮ ይደርሳል ብሎ ይሠጋል፤ ደግሞም ልጄን የተውኩበት ቤት መጥፎ ነው ማለት በራስ ላይ መፍረድ ይመስላል። ስለዚህ አስተያየቱን ተዉና የሆነውን ነገር ጠይቁ። ማታ ከ11:30 እስከ 1 ሰዓት በር ላይ ቁሙ፤ ከዚያ በላይ ጥሩ ቦታ የለም።

«ልጅሽን የምትይዛት ማን ትባላለች?» ስሙ ሳይታሰብ ከወጣ፣ ከስድስት ወር በፊትም እሷው ከነበረች፣ ደህና ነው። «ልጆቹን ሁሉም ይይዟቸዋል» ማለት ማንም አይይዛቸውም ማለት ሊሆን ይችላል።

«ባለፈው የወደቀ ወይም የተነከሰ ዕለት እንዴት ሰማሽ?» ልጅ መውደቁ አይቀርም፤ ይወድቃል፣ ይነከሳል። የሚፈለገው ቀን ላይ ተደውሎላት እንደሆነ ወይስ ማታ ገላውን ስታጥበው ራሷ እንዳየችው ነው።

«ዳይፐር ስንት ትልኪያለሽ፣ ስንት ይመለሳል?» ዓመት ያልሞላው ሕፃን ለ11 ሰዓት ቆይታ አምስት ያህል ይፈጃል። አምስት ተልኮ ሦስት የሚመለስ ከሆነ ልጁ በሽንት ይውላል። ከአምስት በላይ ተልኮ ምንም የማይመለስ ከሆነ ደግሞ ለሌላ ልጅ እየዋለ ይሆናል፤ ይኼኛው ከፊተኛው ይሻላል።

«ሳትናገሪ ቀን ላይ ሄደሽ ታውቂያለሽ? እስከ የት አስገቡሽ?» «ክፍያ ሲጨምሩ ከስንት ቀን በፊት ነገሩሽ?» እነዚህ ሁለቱ የባለቤቷን ጠባይ ይናገራሉ።

የበለጠ ዋጋ ያለው ግን ልጃቸውን ያወጡ ወላጆች ቃል ነው። የብሎካችሁ ቴሌግራም ግሩፕ፣ የሰፈሩ ሱቅ፣ የጤና ጣቢያው የክትባት ተራ ታገናኛችኋለች። የሚሰማውን ግን መዝኑ። «ውድ ነው» የኪስ ጉዳይ ነው። «ባለቤቷ ሰላምታ አትሰጥም» የአመል ጉዳይ ነው። «ልጄ ከሳብኝ» ሁለት ወገን አለው፤ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በለውጡ ብቻ ምግብ ይቀንሳል፣ ከወር በኋላ ከቀጠለ ግን ምክንያቱ ምሳው ላይ ነው። «በር ተቆልፎ አገኘሁ»፣ «ልጄ ሲወሰድ አንቀላፍቶ ነው ሁልጊዜ» ያለች ካለች ቁጭ ብላችሁ ስሙ። «አይተሽ ነው ወይስ ተነግሮሽ?» ማለት አይክበዳችሁ። እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሁለት ወላጆች አንድ ዓይነት ክስ ካነሱ አሥር ምስጋና አያስተባብለውም።

ወተትና ምግብ

እስከ ስድስት ወር የታለበ የጡት ወተት ለሚላክላቸው፦ እናት ለምትለይበት ለእያንዳንዱ ሰዓት ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር አስቡ፤ ለ11 ሰዓት ከ330 እስከ 440 ይመጣል። በትንንሽ አድርጉት፤ አምስት ጡጦ በ80 ሚሊ ሊትር ከሦስት ትልልቅ ይሻላል፣ ከተጠባ የተረፈው ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይምና። እያንዳንዱ ላይ ስም፣ ቀንና የታለበበት ሰዓት ይጻፍ። በክፍል ሙቀት አራት ሰዓት፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ አራት ቀን ይቆያል። መብራት ሲጠፋ ያልተከፈተ ማቀዝቀዣ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ ስለዚህ «መብራት ሲጠፋ አትክፈቱት» ብላችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉ፤ ሰፈሩ መብራት የሚጠፋበት ከሆነም በበረዶ ሳጥን ላኩ። ማሞቅ በሙቅ ውሃ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ነው፤ ድስት ላይ አይጣድም፣ ማይክሮዌቭ አይገባም። ማይክሮዌቭ አንዱን ወገን ያቃጥላል፣ ሌላውን ቀዝቃዛ ይተዋል።

የዱቄት ወተት ለሚጠጣ የተለካ ዱቄት በደረቅ ዕቃ ላኩ፣ እዚያው ይበጥበጥ። ጠዋት በጥብጦ መላክ ቀላል ይመስላል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ግን መደፋት ያለበት ነገር ነው።

ከስድስት ወር በላይ ገንፎው ወፍራም ይሁን፣ ከማንኪያ የማይፈስ። ውሃ የሆነ አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት የለውም፤ ማቆያዎች የሚወዱት ግን ለመጋት ስለሚመች ነው። ምስር፣ እንቁላል፣ ድንች፣ አቮካዶ፣ ሙዝ በየተራ ይግባ። ቆሎ፣ ኦቾሎኒና ሙሉ ሽምብራ ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥ፣ ታላቁ ልጅ ኪሱ ይዞ ገብቶ ለታናሹ ሲያካፍልም ይታያል።

ሁለት የአገራችን ነገሮች በውል ይነገሩ። አብሳይዋ ስትጾም እንቁላልና ወተቱ ከሳምንቱ ምግብ ይጠፋል፤ ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ እንደ ልማዱም የሚጾም አይደለምና ልጃችሁ በዐቢይ ጾም ሃምሳ አምስት ቀን ምን እንደሚበላ ጠይቁ። ሥጋ የሚሠራ ከሆነም የክርስቲያን ነው ወይስ የሙስሊም? የተለያየ እምነት ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች ባሉበት ቤት ጥሩዎቹ ማቆያዎች ሥጋ ጨርሶ አይሠሩም ወይም ከየቤቱ እንዲመጣ ያደርጋሉ።

ሲታመም

ልጅ ማቆያ በገባ በመጀመሪያው ዓመት ጉንፋን ይደጋግመዋል፤ በዓመት ስምንት ወይም አሥር ጊዜ መያዙ ከተለመደው ውጭ አይደለም። ስለዚህ የዓመት ፈቃዳችሁን ጥቂት ቀናት ለዚህ አስቀምጡ። ማቆያው ጠንካራ ደንብ ካለው ደስ ይበላችሁ፣ ዛሬ የእናንተን ልጅ የመለሰ ደንብ ነገ የሌላውን ይመልስላችኋል። ትኩሳት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ፣ ተቅማጥ፣ ትውከት፣ መግል የሚወጣው ቀይ ዓይን ካለ ልጁ ቤት ይዋል። ኩፍኝ ሽፍታው ከወጣ አራት ቀን እስኪያልፍ፣ ጉድፍ ቁስሎቹ ሁሉ ደርቀው ቅርፊት እስኪይዙ፣ እከክ ሕክምናው እስኪጀመር አይገባም። ቴርሞሜትር ያለው ቤት ይሁን፤ በእጅ መዳሰስ ልኬት አይደለም።

ሲመዘገቡ የሁሉም ልጆች የክትባት ካርድ እንደሚታይ አረጋግጡ። የኩፍኝ የመጀመሪያው ክትባት በ9 ወር፣ ሁለተኛው በ15 ወር ነው። የአራት ወር ሕፃናችሁ የኩፍኝ ክትባት ገና ያልወሰደ ስለሆነ የሚጠብቀው የሌሎቹ መከተብ ነው።

ተቅማጥ ሲጀምር ማቆያው አንድ ከረጢት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጦ መስጠት ይጀምርና ይደውል። ግማሹን ከረጢት በብርጭቆ ውሃ መበጥበጥ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ጨው የበዛበት ኦአርኤስ ይጎዳል። መድኃኒት በቦርሳ አይላክ። ስሙ፣ መጠኑና ሰዓቱ በወረቀት ተጽፎ ከእጅ ወደ እጅ ይሰጥ፣ የሰጠችውም ትፈርምበት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳት አደጋ 939፣ ፖሊስ 991 ናቸው፤ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው እንደሆነ እዩ።

ውል

የቃል ስምምነት ባለቤቷ ቤት እስክትቀይር ነው። በወረቀት ይሁን፤ የመክፈቻና የመዝጊያ ሰዓት፣ ሲዘገይ የሚከፈለው በስንት ደቂቃ ስንት እንደሆነ፣ የምዝገባ ክፍያ ተመላሽ ይሁን አይሁን፣ ምግብ በማን፣ ዋጋ ለመጨመር ስንት ቀን አስቀድሞ እንደሚነገር። ጳጉሜ ለብቻ ይከፈላል ወይስ ከነሐሴ ጋር ነው? አምስት ቀን ነው ብላችሁ አትለፉት፣ ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሣው እዚያ ነው። ገናና ጥምቀት መካከል ያሉትን ቀናት፣ የፋሲካን ሰኞ፣ የዒዶችን ቀናት ይዘጋሉ? ልጁ ሁለት ሳምንት ቢታመም ይከፈላል? ክፍያውን በቴሌብር ወይም በባንክ አድርጉና ደረሰኝ ጠይቁ።

ልጁን የሚወስዱት ሰዎች ዝርዝር ከፎቶና ከመታወቂያ ቅጂ ጋር ይያዝ፤ ከሦስት አይብለጡ። ዝርዝሩ ላይ የሌለ ሰው ከመጣ ማቆያው በተመዘገበው ስልክ ይደውል፣ የመጣው ሰው በሚሰጠው ስልክ አይደለም። አንድ ጊዜ ወንድማችሁን ሳትናገሩ ልካችሁ ፈትኑ፤ ልጁን ከሰጡት ሌላ ፈተና አያስፈልግም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

የወሊድ ፈቃዱ ከማለቁ ሁለት ሳምንት በፊት ጀምሩ። ሁለት ቀን አንድ አንድ ሰዓት አብራችሁ ተቀመጡ። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ግማሽ ሰዓት ወጥታችሁ ተመለሱ። በአምስተኛው እስከ ምሳ። በሁለተኛው ሳምንት እንቅልፍ ይጨመር፣ ከዚያ ሙሉ ቀን። ከስምንት ወር እስከ ዓመት ተኩል ያለ ልጅ ከእናቱ መለየት የሚከብደው ዕድሜ ስለሆነ ይህን ጊዜ አታሳጥሩ፤ ጡት ማስጣልና ማቆያ ማስገባትንም በአንድ ወር አታድርጉ። እናት የለበሰችው ነጠላ ሳይታጠብ ይላክ፤ ሽታው ያረጋጋዋል።

ተደብቆ መውጣት አይሆንም። የዛሬውን ልቅሶ ይቀንሳል፣ የነገውን ያበዛል፤ ልጁ ዞር ባላችሁ ቁጥር ትጠፋላችሁ ብሎ ስለሚፈራ ቤትም ውስጥ ይጣበቃል። «እማዬ ማታ ትመጣለች» ብላችሁ፣ ለሞግዚቷ እጅ ሰጥታችሁ፣ ሳትመለሱ ሂዱ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ደውሉ።

በቦርሳው ሦስት ቅያሪ ልብስ (በክረምት አራት ካልሲ)፣ እርጥብ ልብስ የሚገባበት ፌስታል፣ በማይለቅ ቀለም ስሙ የተጻፈበት ጡጦና ኩባያ ይኑር። ብርድ ልብሱ ዓርብ ዓርብ ለመታጠብ ይምጣ።

ከገባ በኋላ

ማታ ገላ ስታጥቡ አንገት፣ ብብት፣ መቀመጫና ጆሮ ጀርባ እዩ። የሚሄድ ልጅ ጉልበቱ፣ ቅልጥሙና ግንባሩ መቁሰሉ የተለመደ ነው። በላይኛው ክንድ፣ በጆሮ፣ በጭን ውስጥ ወገንና በመቀመጫ ላይ ያለ ብልዝ ግን በመውደቅ ብዙም አይመጣም። ፎቶ አንሱ፣ ቀን ጻፉ፣ ጠዋት ጠይቁ። መልሱ ከሞግዚቷና ከባለቤቷ የተለያየ ከሆነ ልጁን ያን ቀን አትተዉት። የወሲብ ጥቃት ከጠረጠራችሁ ልጁን ሳታጥቡ፣ ልብሱን ሳትቀይሩ ሕክምና ውሰዱት፤ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ውስጥ ሕክምናውንና የሕጉን ጉዳይ በአንድ ቦታ የሚያይ ማዕከል አለ።

ማታ ሁልጊዜ ተኝቶ የሚጠብቃችሁ፣ ሲነቃም የሚልፈሰፈስ ልጅ እንቅልፍ የሚያመጣ የጉንፋን ሽሮፕ ተሰጥቶት ሊሆን ይችላል። አልነቃ ካለ ጊዜ ሳትፈጁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ፤ ማቆያው ያለውን ሽሮፕ ሁሉ ስም ጽፋችሁ ያዙ።

ትንሹን ቅሬታ ከሞግዚቷ ፊት ሳይሆን ከባለቤቷ ጋር፣ በር ላይ ሳይሆን ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ፤ በሰው ፊት የተዘለፈች ሞግዚት ንዴቷን የምታወጣው የት እንደሆነ ማንም ያውቃል። ካልተስተካከለ በጽሑፍ አቅርቡ፣ ቀጥሎ ወረዳው አለ።

ለመልቀቅ ስትወስኑ በውሉ ያለውን የማስታወቂያ ጊዜ ጠብቁ፤ አዲሱ ቦታ ሳይያዝ ግን አትናገሩ። በመጨረሻው ቀን የክትባት ካርዱን ቅጂ፣ የመታወቂያ ቅጂዎቹን፣ ብርድ ልብሱንና ጡጦዎቹን ውሰዱ፤ ልጁን የሚወስዱት ሰዎች ዝርዝር ፊታችሁ ይቀደድ፣ የልጁም ፎቶ ከማቆያው ቴሌግራምና ቲክቶክ ገጽ ይነሣ።